የአያት ውጅግራ፦ አፈሙዙን ከእንጨቱ አውጥቶ ዝገቱን ወደ ጥቁር የመመለስ ሥራ

ሰፈራችን ጎንደር አራዳ አካባቢ አንዲት እናት አሉ። እማማ እንላቸዋለን። ካቻምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል አስጠሩኝና ከአልጋ ሥር በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር ጎትተው አወጡ። የአባታቸው ውጅግራ ጠመንጃ ነው። አፈሙዙ እንደ በርበሬ ቀልቷል። እጄን ሳሳርፍበት የዝገት ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ።

«እንደ መስታወት አብረቅርቅልኝ፣ ሳሎን እሰቅለዋለሁ» አሉ።

«እማማ፣ እንደ መስታወት ካደረግኩት እኮ የአባትዎ መሆኑ ይቀራል» አልኳቸው።

አልገባቸውም። ጨርቅ ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጌ ከቃታው ቤት ፊት ያለውን ቦታ ቀስ ብዬ አሸሁት። አንድ የፈረንጅ ፊደልና አራት ቁጥሮች ብቅ አሉ፦ ኤስ፣ 1878። አፈሙዙ የተሠራበት ፋብሪካና ዓመት ነው። መነጽራቸውን አስመጡ። አውራ ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ በኋላ ስለ መስታወት አላነሱም።

ይህን የምጽፈው የራሴ ቁጭት ስላለኝም ነው። የአያቴን ጠመንጃ ከዓመታት በፊት አንድ የብረት ሥራ ቤት ሰጥቼ ነበር። በግራይንደር የሽቦ ብሩሽ ሙልጭ አድርገው ወልውለው መለሱልኝ። ያብረቀርቃል። ግን ቁጥሩ የለም፣ ዓመቱ የለም፣ የማነጣጠሪያው ጠርዝ ክብ ሆኗል። የተፋቀ ብረት አይመለስም። ስለዚህ ከታች የምትከተሉት መንገድ ሁሉ አንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ብረቱን አንፍቅም። ቀዩን ዝገት እዚያው ባለበት በፈላ ውሃ ቀቅለን ወደ ጥቁር እንለውጠዋለን።

ውጅግራ ምንድን ነው?

ስሙ የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ባዚል ግራ የሚባል የፈረንሳይ ጦር መኮንን ከእሱ በፊት የነበረውን የ1866ቱን ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ አሻሽሎ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1874 ሥራ ላይ የዋለ ጠመንጃ ነው። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ እንደገና ይጎርሳል። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ሲሆን አፈሙዙ ብቻውን 82 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ክብደቱ ከ4 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ሴንት ኤትየን፣ ሻቴልሮ እና ቱል በሚባሉ የፈረንሳይ ከተሞች ይመረት ነበር። እማማ ቤት ያገኘነው ኤስ የሴንት ኤትየን ምልክት ነው። ወደ አገራችን በብዛት ገብቶ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ሆኗል።

አፈሙዝ ስል እዚህ ጽሑፍ ላይ ቧንቧውን በሙሉ ማለቴ ነው። ጫፉን ስፈልግ ጫፍ እላለሁ። ቃታ ስል ደግሞ የጥይቱን ማደሪያ ከኋላ የሚዘጋውንና የሚከፍተውን ተንሸራታች ብረት ማለቴ ነው፤ በጣት የሚሳበውን ምላጭ እላለሁ። የእናንተ ጠመንጃ ውጅግራ ባይሆንም፣ አልቢን ወይም ሌላ አሮጌ ጠመንጃ ቢሆን፣ አካሄዱ በአብዛኛው ያው ነው።

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት

ወረቀቱን አስቀድሙ። የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። የአያት ነው፣ አርጅቷል፣ አይተኩስም ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም። ፈቃዱ ከሌላችሁ ወይም ጥገና ይፈቀድ አይፈቀድ ካልታወቃችሁ መጀመሪያ የአካባቢያችሁን ፖሊስ ጠይቁ። ጠመንጃውን ይዛችሁ ሳይሆን ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ ጠይቁ። የቤተ ክርስቲያን ወይም የሙዚየም ዕቃ ከሆነ ደግሞ ቅርስ ነውና የቅርስ ባለሥልጣን ሳያውቅ አትንኩት።

ሁለተኛው ነገር፣ ይህ ሥራ ለግድግዳ ነው። ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። 140 ዓመት ያለፈውን፣ ውስጡ በዝገት የተበላ ብረት ማስተኮስ ዓይንና እጅ ያሳጣል። ቀለሙ አማረ ማለት ብረቱ ዳነ ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ ጥይት እንደሌለው አረጋግጡ። ምላጩን ሳትነኩ ቃታውን ወደ ኋላ ስባችሁ የጥይቱን ማደሪያ በባትሪ አብርታችሁ እዩ። ቃታው በዝገት ተይዞ አልከፈት ካለ አታስገድዱት። ቀጭን የእንጨት ዘንግ ከጫፉ በኩል ቀስ አድርጋችሁ እስከሚቆም አስገቡ፣ ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ አውጡና ከውጭ በኩል አፈሙዙ ላይ አስተኝታችሁ ለኩ። ዘንጉ ቃታው ፊት ድረስ መድረስ አለበት። ካጠረ ውስጡ የሆነ ነገር አለ። ጭቃ ሊሆን ይችላል፣ የተርብ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ጥይትም ሊሆን ይችላል። የድሮ ባሩድ ደርቆ ከተቀመጠ ዛሬም ይቀጣጠላል። ስለዚህ አትነቅንቁት፣ አታሙቁት፣ ጫፉን ወደ ሰው አታዙሩት። ለፖሊስ ደውሉና ለባለሙያ ተዉት።

የሚያስፈልጋችሁ

አብዛኛው ከገበያ ይገኛል። ልካቸው የተለያየ ካቻቢቴዎች፣ ላምባ፣ ስስ የማሽን ዘይት፣ አሴቶን፣ አራት ዜሮ የሚባለው በጣም የላመ የብረት ሱፍ፣ የጥጥ ጨርቅ፣ የጥጥና የላስቲክ ጓንት፣ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት፣ የዳቦ ሶዳ፣ ንጹሕ ሰም እና የተልባ ዘይት።

አንድ ነገር ብቻ ማሠራት አለባችሁ፦ መቀቀያ ገንዳ። በያጅ ዘንድ ሄዳችሁ ከጥቁር ላሜራ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 12 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ በይድልኝ በሉ። አንዳንዱ ሰው የጣሪያ አሸንዳ ቆርጦ ይጠቀማል። አሸንዳ የተለበጠው በዚንክ ነው፣ ዚንኩ ደግሞ ቀለሙን ያበላሻል። ጥቁር ላሜራ ብቻ።

ውሃው የዝናብ ቢሆን እመርጣለሁ። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለው ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ክረምት ላይ ጣሪያው በደንብ ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ባልዲ አጠራቅሙ። በጋ ከሆነ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ዲስትልድ ውሃ ግዙ። ስትገዙ ግን ጠርሙሱን አስተውሉ፤ ከጎኑ የሚደረደረው የባትሪ አሲድ ነው፣ ሁለቱን ማምታታት አደጋ አለው።

አፈሙዙን ከእንጨቱ ማውጣት

መጀመሪያ ፎቶ አንሡ። ከላይ፣ ከታች፣ ከሁለቱም ጎን፣ እያንዳንዱን ብሎንና ቀለበት በቅርበት። ቁጥርና ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ስስ ወረቀት አስቀምጣችሁ በእርሳስ ደባብሱት፤ ቅርጹ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ሰደፉ ላይ ክብ ማኅተም ካለም እንዲሁ አድርጉ። ያ ወረቀት ከሥራው በኋላም ከጠመንጃው ጋር ይቀመጥ።

ሰደፉ ወይም የእጅ መያዣው በቆዳ የተለበጠ ከሆነ አትቅደዱት። አባቶች የሰነጠቀ እንጨት ያሠሩበት ወይም ያጌጡበት ቆዳ የጠመንጃው ታሪክ አካል ነው። ቆዳው አፈሙዙንም አብሮ አስሮት ከሆነ ስፌቱን ብቻ በጥንቃቄ ፍቱና በክሩ ቀዳዳ መልሳችሁ ስፉት። ከቆዳ ሥር ግን ልብ በሉ፤ እርጥበት እዚያ ይተኛል። እማማ ቤት ያለው ውጅግራ ከሁሉም የባሰ የተቦረቦረው በቆዳው ሥር የነበረው ቦታ ነው።

ቀጥሎ ቃታውን አውጡ። ውጅግራ ላይ ከቃታው ቤት ጎን ቃታው እንዳይወጣ የምታቆመው ትንሽ ብሎን አለች። ጥቂት ዙር ስትፈቱላት ቃታው ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል። አልወጣ ካለ ዘይት ጨምሩና ለነገ አሳድሩት።

ከዚያ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን መወልወያ ዘንግ ሳቡ። እንቢ ካለ ወደ ግራ አዙሩት፤ ጫፉ ጥርስ ያለው ሊሆን ይችላል።

አሁን ብሎኖቹ። ብዙ ጠመንጃ የሚበላሸው እዚህ ነው። የድሮ ብሎን አናቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። የዛሬ ካቻቢቴ ጫፉ ሹል እየሆነ ስለሚሄድ ስንጥቁን ሳይሞላ ይንሸራተትና ጠርዙን ይበላዋል። አንድ ካቻቢቴ ለዚህ ሥራ ሠዉና በሞረድ ሞርዳችሁ ስንጥቁን ግጥም አድርጎ እንዲሞላ አድርጉት። ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ትርፉ ግን ትልቅ ነው። ላምባና ስስ ዘይት እኩል ቀላቅላችሁ በየብሎኑ ዙሪያ አንጠባጥቡ። ጠዋትና ማታ፣ ሦስት ቀን። ከሦስት ቀን በኋላም ካልተንቀሳቀሰ ብሎኑ አናት ላይ የጋለ የመበየጃ ካውያ ለሁለት ደቂቃ አሳርፉ። ላምባው ተጠርጎ መድረቁን ግን አስቀድማችሁ እዩ። ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ በዚህ መሐል ዝገቱ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። በመዶሻ የመቱት ካቻቢቴ አንዴ ቢሠራ ሁለተኛውን እንጨቱን ይፈልጠዋል።

አፈሙዙን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ቀለበቶች በትንሽ ጠፍጣፋ ስፕሪንግ ይያዛሉ። ስፕሪንጉን በእንጨት ቁራጭ ተጫኑና ቀለበቱን ወደ ጫፉ ገፋ ገፋ አድርጉ። በብረት አትግፉ። አንዱን ጎን ብቻ ከገፋችሁ ይጣመማል፣ ሁለቱንም ጎን በየተራ። ከምላጩ ቀለበት በኩልና ከቃታው ቤት ጭራ ያሉት ብሎኖች ሲወጡ የቀረው አፈሙዙን ማንሳት ነው።

ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይ አትሰንጥቁት። ፊት ያለው እንጨት ስስ ስለሆነ ይሰበራል። ጠመንጃውን ገልብጣችሁ ብርድ ልብስ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፣ እንጨቱን በመዳፋችሁ ከኋላ ወደ ፊት መታ መታ አድርጉ። አፈሙዙና የቃታው ቤት አንድ ላይ ቀስ ብለው ይለቃሉ። የእማማ ውጅግራ ሲለቅ ከእንጨቱ ቦይ ውስጥ የደረቀ ቅቤ፣ አፈርና አንዲት የጤፍ ፍሬ ወጡ።

እያንዳንዱን ብሎን ካርቶን ላይ ቀዳዳ በስታችሁ በየቦታው ስም ጽፋችሁ ሰኩ። ሁለት ብሎን ተመሳሳይ ቢመስልም እያንዳንዱ የሚገጥመው የራሱን ቀዳዳ ነው።

አፈሙዙን ከቃታው ቤት ልፍታው?

አትፍቱት። ብዙ ሰው ሥራው ያለዚያ ሙሉ አይሆንም ይላል። አልስማማም። አፈሙዙ በጥርስ ተጠምዝዞ የገባው ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ከ100 ዓመት በላይ እዚያው ነው የኖረው። ለመፍታት አፈሙዙ በጠንካራ እንጨት ወይም በነሐስ መንጋጋ ተይዞ፣ የቃታው ቤት ደግሞ ዙሪያውን በሚያቅፍ ለዚያው በተሠራ ቁልፍ መዞር አለበት። በተራ ሞርሳና በቧንቧ መፍቻ የሞከረ ሰው የቃታውን ቤት ያጣምማል፣ ብረቱ ላይ የጥርስ ጠባሳ ይተዋል። ሲመለስም ማነጣጠሪያው ቀጥ ብሎ ላይቆም ይችላል። ለግድግዳ ጠመንጃ ምንም ጥቅም የለውም። ሁለቱ አብረው ይቀቀላሉ፣ አብረው ይጠቁራሉ። የቃታው ቤት ነጭ ብረት ሆኖ የቆየ ከሆነ ደግሞ ማዝገቢያውን (ኋላ ላይ እኩል የሆነ ስስ ዝገት እንዲያወጣ የምንቀባውን ፈሳሽ) አታስነኩት፣ ከፈላ ውሃው ሲወጣ አድርቃችሁ ወዲያው በዘይት አብሱት።

የቀደመ ቀለሙን ፈልጉ

አሁን አፈሙዙ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት በእንጨቱ ተሸፍኖ የነበረውን የሆዱን በኩል እዩ። ቀለበቶቹ ሥር ያለውንም እዩ። እጅና ዝናብ ያልደረሰበት ቦታ ስለሆነ አፈሙዙ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግራችሁ እሱ ነው። ጥቁር ከሆነ ወደ ጥቁር፣ ቡናማ ከሆነ ወደ ቡናማ። ነጭ ከሆነና ዝገቱ ቀላል ከሆነ ቀለም መጨመር አያስፈልገውም፤ ማጽዳትና ሰም ይበቃዋል። የድሮው ቀለም ግማሽ ያህሉ እንኳ ካለ እኔ አዲስ ቀለም አልጨምርም። አንዴ ቀቅዬ፣ ቀዩን ወደ ጥቁር መልሼ፣ ዘይት ቀብቼ አቆማለሁ።

ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ያለው የአደን ጠመንጃ ከሆነና ብረቱ ላይ እንደ እንጨት ጅማት የተጠማዘዘ መስመር ካያችሁ ቁሙ። የደማስቆ አፈሙዝ ነው፣ ራሱን የቻለ አያያዝ አለው።

ማጽዳት

አፈሙዙን በላምባ በራሰ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አንድ ቀን አሳድሩ። በማግስቱ በዘይት በተነከረ የብረት ሱፍ ርዝመቱን ተከትላችሁ እሹት። ክብ ክብ አትሹ። ሱፉ የማያነሳው ጠጣር ዝገት ካለ የናስ ቁራጭ ጫፉን ጠፍጥፋችሁ ፋቁበት። ናስ ከብረት ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ዝገቱን ያነሳል፣ ብረቱን አይቧጭርም። ቁጥሮቹ አካባቢ በጨርቅና በጣት ብቻ።

ሎሚና ኮምጣጤ ላይ ዘፍዝፉት የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ዝገቱን ይበላል፣ እውነት ነው። ጤነኛውን ብረት ግን አብሮ ይበላል፣ ግራጫና ሻካራ አድርጎ ይተወዋል። የብርጭቆ ወረቀትም እንደዚሁ ይቅር። ጉድጓዱ ይኑር።

ውስጡን በዘንግና በናስ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ወልውሉ። ጨርቁ ንጹሕ እስኪወጣ።

ቅባቱን ማስወገድ ላይ አትስነፉ። ትኩስ ውሃ ላይ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ጨምራችሁ በብሩሽ እጠቡት፣ አለቅልቁት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ከቤት ውጭ በአሴቶን አብሱት። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። አንድ የጣት ቅባት ከስድስት ዙር በኋላም አሻራ ሆኖ ይታያል። ለመያዣ እንዲሆናችሁ በሁለቱም ጫፍ የእንጨት እጀታ ሰኩ። እጀታው ላይ በርዝመቱ ቦይ ቅደዱበት፣ ውሃና አየር እንዲያልፍ። ድፍን ከሆነ ውስጥ የታፈነው አየር ሲሞቅ ይስፈነጠራል።

ማዝገትና መቀቀል

ማዝገቢያው ቀላል ነው። ቆርቆሮ በያጆች የሚጠቀሙበት አሞኒየም ክሎራይድ 10 ግራም ገደማ በግማሽ ሊትር ዲስትልድ ውሃ አሟሙት። ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ዕቃ ላይ። በአሲድ የሚዘጋጁ ጠንካራ ማዝገቢያዎችም አሉ፣ ቤት ውስጥ ግን አሲድ አትቀላቅሉ።

የጥጥ ጨርቅ ነክራችሁ ጨምቁት። እንደገና ጨምቁት። ጠብታ የማይወጣው መሆን አለበት። ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በአንድ ትንፋሽ ሳቡት፣ ቀጥሎ ከጎኑ ሌላ መስመር፣ እንዲያ እያላችሁ ዙሩት። ያለፋችሁበትን አትድገሙ። ብረቱ እስትንፋስ እንደነካው መስታወት ጭጋግ መምሰል አለበት። ከወረደበት እንባ የወረደበት ፊት ይመስላል፣ ያ መስመር አይለቅም።

ከዚያ እርጥበት ያለው ቦታ ላይ ስቀሉት። እኔ አሮጌ ቁም ሣጥን አለኝ፤ ከላይ አፈሙዙን በገመድ አንጠለጥላለሁ፣ ከታች የፈላ ውሃ በድስት አስቀምጬ በሩን እዘጋለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር ላይ ከሆናችሁ ድስቱም አያስፈልግ፤ አራት ሰዓት ይበቃል። ጥርና የካቲት ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ውሃውንም መቀያየር ነው። የምትጠብቁት ዝገት እንደ ሽሮ ዱቄት የላመ፣ ቀለሙም የሽሮ፣ ሁሉም ቦታ እኩል የበላ ነው። እየተንጨፈረረ ከሄደ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው።

ቀዩ እንዲህ ሲሆን ወደ ገንዳው። ገንዳውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ሙሉና ሁለት ወይም ሦስት የከሰል ምድጃ ሥሩ ደርድሩ። ከቤት ውጭ ይሁን፤ የከሰል ጢስ ዝግ ቤት ውስጥ ይገድላል። ውሃው ላይ የዘይት አይን ከታየ በወረቀት ጥረጉት፣ አለበለዚያ አፈሙዙ ሲገባ ይለብሰዋል። ሲፍለቀለቅ አፈሙዙን በእጀታው ይዛችሁ አውርዱት።

የጎንደር ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃችን የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይሠራል፣ ትንሽ መታገስ ብቻ ነው። እኔ 30 ደቂቃ አቆየዋለሁ።

ሲወጣ ለማመን ያስቸግራል። ቀይ ሆኖ የገባው ጥቁር ሆኖ፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስልሶ ይወጣል። ቀዩ ዝገት ውሃ ያዘለ የብረትና የኦክስጅን ውህድ ነው። ሲቀቀል ማግኔታይት ወደሚባለው ጥቁር ውህድ ይለወጣል። ጥቁሩ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ እንደ ቀዩ እየተፈረፈረ አይሄድም።

ከውሃ እንደወጣ ሙቀቱ ራሱ ያደርቀዋል። ውስጡን በደረቅ ጨርቅ አብሱ። ከዚያ በአሴቶን ታጥቦ ዘይቱ በወጣለት የብረት ሱፍ ቀስ ብላችሁ እሹት። አዲስ የብረት ሱፍ ከፋብሪካ ዘይት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ይህን ባለማወቅ ነው ብዙ ሰው ሁለተኛው ዙር ላይ የሚዥጎረጎርበት። ላዩ ላይ ያለው ልቅ ጥቁር እንደ ጀበና ጥላሸት ይነሳል። ሥሩ ስስ ግራጫ ይቀራል።

የመጀመሪያው ዙር ያሳዝናል፣ የማይረባ ግራጫ ነው። አትዘኑ። እንደገና ማዝገቢያ፣ እንደገና ቁም ሣጥን፣ እንደገና ገንዳ። ሦስተኛው ላይ ይጠይማል። የእማማ ስድስት ዙር ወስዷል፣ በቀን አንድ አንድ። ተቦርቡሮ የነበረው ቦታ ከጎኑ ካለው ጋር አንድ ሲሆን፣ አዲስ ዙርም ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር ያኔ አቁሙ።

ቡናማ የምትፈልጉ ከሆነ መቀቀሉን ዝለሉት። አዝግቱ፣ አሹ፣ አዝግቱ፣ አሹ። ከቀቀላችሁት ይጠቁራል፤ በመጨረሻ አንዴ ብቻ በትኩስ ውሃ እጠቡት።

በሁለቱም መንገድ የመጨረሻው ውሃ ላይ ሁለት ማንኪያ የዳቦ ሶዳ ይጨመርበታል። ማዝገቢያው ጉድጓዶች ውስጥ ተደብቆ ከቀረ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሶዳው ያስቆመዋል። በንጹሕ የፈላ ውሃ አለቅልቁት፣ ገና ትኩስ እያለ በማሽን ዘይት አጥግቡት፣ ውስጡንም ጭምር፣ አሳድሩት። በማግስቱ ትርፉን ስታብሱ ጥቁሩ ከሌሊቱ በፊት ከነበረው ጠልቆ ታገኙታላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ኮስቲክ ሶዳን በጣም አግሎ በደቂቃዎች ማጥቆር የሚባል ዘዴ አለ። ለፋብሪካ ነው። ሲረጭ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ የተበየዱ የድሮ ክፍሎችንም ሊለቅ ይችላል። በብሩሽ የሚቀባው ቀዝቃዛ ማጥቆሪያ ደግሞ እጅ ሲነካካው ቶሎ ይገረጣል።

እንጨቱ

አጭር ነው። ቫርኒሽ አትቀቡት። በደረቅ ጨርቅ አጽዱ፣ የተልባ ዘይት ጥቂት ጥቂት በመዳፋችሁ እያሞቃችሁ እሹበት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያልጠጣውን አብሱ፣ በየቀኑ ለአንድ ሳምንት። የጠጣው እንጨት ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ዘይቱን ያበሳችሁበት ጨርቅ ግን ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ሞቆ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ገመድ ላይ ዘርጉት ወይም ውሃ ውስጥ ክተቱት።

መልሶ መግጠምና ማስቀመጥ

የእንጨቱን ቦይ ከአፈርና ከአሮጌ ቅቤ አጽዱ። ከገበያ የምትገዙትን ንጹሕ ሰም ከጥቂት የማሽን ዘይት ጋር በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጡና የአፈሙዙን ሆድ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። አፈሙዙን አስተኙ፣ የኋላውን አስቀድማችሁ ቀለበቶቹን መልሱ፣ እያንዳንዱን ብሎን መጀመሪያ በጣት ብቻ አስገቡ። ሁሉም ከገቡ በኋላ በካቻቢቴ፣ እስኪቆም እንጂ እስኪያቃስት አይደለም።

ቅቤና ሞራ መቀባት የአባቶች ልማድ ነው፣ አከብረዋለሁ፤ የነበራቸው እሱ ነበር። ግን ቅቤ ሲቆይ ይኮመጥጣል፣ ጨው ካለበት ደግሞ ባሰ። ከላይም ያው ሰም ይበቃል። በቆዳ ከረጢት ወይም በጋቢ ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ፣ እርጥበት ይይዛሉ። የጭቃ ግድግዳ ላይ ከሰቀላችሁት አፈሙዙ ግድግዳውን እንዳይነካ ከእንጨት ማንጠልጠያ ሥሩለት። ከምድጃ ጢስም ይራቅ። ቃታውን ለብቻው ቆልፋችሁ አኑሩ፣ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።

በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ አውርዳችሁ እዩት። ነጭ ጨርቅ በቀለበቶቹ ጠርዝና በማነጣጠሪያው ሥር አሹበት። ጨርቁ ላይ ቡናማ ከመጣ ያን ቦታ በዘይት አጽዱና ሰሙን አድሱ። ባለፈው መስከረም እማማ ጨርቁን ራሳቸው ያዙት። ጠርዝ ጠርዙን ዞሩት፣ ከዚያ ቁጥሩ ላይ አለፉበትና ገልብጠው አሳዩኝ። ንጹሕ ነበር።